ሰሌዳው ሙሉ ነው

ዘወትር ጠዋት መስኮቱን ከመክፈቱ በፊት ቆርቆሮዎቹን ይወለውላል። አርባ ናቸው። እያንዳንዳቸው የክብሪት ቀፎ ያህላሉ፤ አናታቸው ላይ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ መሃላቸው ላይ በምስማር ጫፍ ተወቅሮ የተጻፈ ቁጥር አላቸው። የሚሰቀሉት ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ፣ በአምስት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው በተመቱ ምስማሮች ላይ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይዞ ከአንድ ይጀምራል፤ ያወርዳል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ ይሰቅላል። አርባ ሲደርስ ጨርቁን ሳያስቀምጥ ከአርባ ወደ አንድ በዓይኑ ይቆጥራል። ከዚያ መስኮቱን ይከፍታል።

ቤቱ የተራራው ጫካ መግቢያ በር ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ጣሪያው ቀይ ቆርቆሮ ነው። ከበሩ ወዲህ አስፋልት፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ቢሮና የሠራተኞች መመገቢያ አለ። ከበሩ ወዲያ ከዓመት ዓመት ዝናብ የማይለየው ጫካ ይጀምርና ሽቅብ ይሄዳል፤ መጨረሻው ከመስኮቱ አይታይም፣ ጉም ይሸፍነዋል። በፊተኛው ክፍል ሰሌዳው፣ መስኮቱ፣ ክር የሚቀመጥበት መሳቢያና አንድ በርጩማ አሉ። በኋለኛው ክፍል አልጋ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ ወንበር። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ወንበሮቹ ሁለት ነበሩ። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛውን መመገቢያ ቤቱ ወንበር ሲያጥረው ወሰዱት፣ እሱም አልጠየቀም።

ሠራተኞቹ «ጋሽ አርባ» ይሉታል። ዕድሜውን የማያውቅ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «አርባ ብቻ? ተጎድቷል!» ብሎ መሳቁ የተለመደ ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው።

ሥራው ይህ ነው። ወደ ተራራው የሚወጣ ጎብኚ ሁሉ ከመስኮቱ አንድ ቆርቆሮ ወስዶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ቆርቆሮው በወረደበት ባዶ ምስማር ላይ፣ ሰውየው ጫካ ውስጥ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ልክ ቀይ ክር ይታሰራል። ሦስት ሌሊት፣ ሦስት ክር። በየጠዋቱ ከየምስማሩ አንድ ክር ይፈታል። ክሩ ያለቀበት ምስማር በዚያው ቀን ማታ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆርቆሮው ካልተመለሰለት፣ ከቤቱ ውጭ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የሐዲድ ቁራጭ በመዶሻ ይመታል። ሁለት ምት፣ ፋታ፣ ሁለት ምት። ጥበቃዎቹ ይህን ሲሰሙ የዝናብ ጫማቸውን ያጠልቃሉ። ባዶ ምስማር ከሌለ ሐዲዱ አይመታም፣ ጥበቃም አይወጣም። ደንቡን ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

በደንቡ ያልተጻፈ አንድ ልማድም አለው። ቆርቆሮ የሚመልስ ሰው ሳይጠየቅ አያልፍም።

«ላይ ማንን አያችሁ?»

ሰሌዳው ሰው መግባቱንና መውጣቱን እንጂ የት ቦታ ምን ሆኖ እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ ከወራጁ ይጠይቃል፤ ሁለት ወጣቶች የመጀመሪያው ካምፕ ላይ፣ አንዲት መነጽር ያላት ሴት ድልድዩ ጋ፤ እየሰማ በዓይኑ ከምስማሮቹ ጋር ያመሳክራል። ጎብኚዎቹ ወሬ የሚወድ ሰው ይመስላቸዋል።

ለወጪዎቹ ደግሞ መንገዱን ይነግራል። ከሁለተኛው ድልድይ በኋላ መቶ ሃያ ደረጃ፤ የተሰነጠቀው ድንጋይ ጋ ወደ ግራ፤ የቀርከሃውን ጫካ ሲጨርሱ ሁለተኛው ካምፕ፤ ከዚያ የሦስት ሰዓት ዳገት፣ ከዚያ አፋፉ። «ከአፋፉ ላይ ሰማዩ ከጠራ ይህ ቀይ ጣሪያ ቁልቁል ይታያችኋል» ይላቸዋል። በእግር አንድ ቀን ተኩል የሚፈጀው መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ነው፤ አሞራ ቢሆኑ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከሰው አፍ ነው። እሱ ራሱ በሃያ ሁለት ዓመት ከሁለተኛው ድልድይ አልፎ አያውቅም። መስኮቱ ላይ ማን ይቀመጥለታል?

አንድ ቀን ኃላፊው ቢሮ አስጠራው። ኃላፊው በዕድሜ ከሴት ልጁ ብዙም የማይበልጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰባ ሁለት ቀን የተጠራቀመ ፈቃድ አለዎት።»

«ይቀመጥ።»

«አይቀመጥም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል። ፈቃድ ያልወጣ ሠራተኛ ከተገኘ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አሥራ አራቱን ቀን ከወዲያኛው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ይወጣሉ።»

«ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

ኃላፊው ደብዳቤውን ገልበጥ አድርጎ አየው። «እሱን እንኳ አይልም» አለ።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጁ ትደውላለች። የምትኖረው በአውቶቡስ አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ነው፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፣ ባል አላት፣ የአራት ዓመት ልጅ አላት። በዚያ እሁድ ግን ሳትደውል ቀድሞ ደወለ።

«አባዬ! ምን ሆንክ?»

«ምንም። የዕረፍት ፈቃድ ሊሰጡኝ ነው መሰለኝ። ሁለት ሳምንት።»

«ውይ ደስ ሲል!» አለች። ቀጥሎ ከኋላዋ አንድ ነገር ሲጎተት ተሰማው። «አሁን ነው እንዴ? ቤቱን እኮ ቀለም እያስቀባን ነው። ዕቃው ሁሉ ሳሎን ተከምሮ፣ እኛ ራሳችን አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን ነው የምንተኛው። ወር ቆይተህ ብትመጣ አይሻልም?»

«ይሻላል እንጂ። ገና አልተወሰነም። ምናልባት ሥራ ስለሚበዛም ላልወጣ እችላለሁ።»

«እንዳትቀየመኝ አባዬ።»

«በቀለም ማን ይቀየማል?»

በማግስቱ ምሳ ላይ ምግብ አብሳይዋ ጠየቀችው። ይህች ሴት ሠራተኞቹ «እትዬ ጭልፋ» የሚሏት፣ የእሱ እኩያ፣ ባሏ የሞተባት፣ በጭልፋዋ እየጠቆመች የምታወራ ሴት ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምሳውን የሰጠችው እሷ ናት። እሱ ፈቃድ ሲወጣ መስኮቱን እንድትይዝ ኃላፊው መድቧታል።

«ታዲያ ፈቃዱን የት ነው የምታሳልፈው?»

በሰልፉ ከኋላው አምስት ሰው ቆሟል። «ልጄ ጋ ነዋ» አለ።

«እሰይ! አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው የሰው ቤት ልታድር ነው» አለችና ጭልፋውን ሞልታ ጨመረችለት።

ቅዳሜ ሥራውን አስረከባት። በርጩማው ላይ አስቀምጦ ከሰሌዳው ፊት ቆመ።

«ሦስት ነገር ብቻ ነው። መቁጠር፣ ክር መፍታት፣ መጠየቅ።»

«ምኑን ነው የምጠይቀው?»

«ላይ ማንን አያችሁ ብለሽ ነዋ።»

«ሰው ደክሞት፣ እግሩ ተልጦ ሲመጣ፣ ማንን አየህ እያልኩ እንደ አማት ላድርቀው?»

«ጠይቂ ብቻ።»

«እኔ የምጠይቀው ውሃ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ነው። የእኔ ጥያቄ ይሻላል።»

«ሁለቱንም ጠይቂ።»

«አየህ፣ አሁን ሰው ሆንክ» አለችው። ትጠይቅ አትጠይቅ እንደሆነ ግን አልተናገረችም። እሁድ ማታ በጨርቅ የተጠቀለለ የብስኩት ጣሳ አመጣችለት። «ለልጅ ልጅህ ነው። መንገድ ላይ እንዳትበላው፤ አውቅሃለሁ።»

ድንኳን ከየት አገኘ ቢባል፣ ጎብኚዎች ረስተዋቸው የሄዱ ዕቃዎች የሚቀመጡት እሱ አልጋ ሥር ነው። ቢጫ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ አንድ ባትሪ፣ አንዲት ጎብኚ ልካ ትወስደዋለች ተብሎ ከሦስት ዓመት በፊት የተቀመጠ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ። ሁለት ሳምንት በኋለኛው ክፍል ተደብቆ መቀመጥ እንደማይችል ያውቅ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሲያስለው ይሰማል። ከተማ ሄዶ አልጋ መከራየትም አልፈለገም። የቀረው ሽቅብ መውጣት ነበር።

ሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቦርሳውን አዝሎ በጨለማ ከሰሌዳው ፊት ቆመ። ያለፈው ቀን እሁድ ስለነበር ጎብኚ ጥቂት ነው፤ ባዶ ምስማሮቹ ሁለት ብቻ፣ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት፣ ሦስት ሦስት ክር ታስሮባቸዋል። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ቆርቆሮዎቹን የሰጣቸው እሱ ነው። እጁን ዘርግቶ ዘጠኝ ቁጥርን አወረደ። ገመዱን አንገቱ ላይ ሊያደርግ ሲል ቆመ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እትዬ ጭልፋ ትመጣለች። ዘጠኝ ቁጥር ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ትጠይቃለች፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጋሽ አርባ ልጁ ጋ እንዳልሄደ፣ የሚሄድበት እንደሌለው፣ መመገቢያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። በየጠረጴዛው ምን እንደሚባል ድምፁ ሳይቀር ተሰማው። ቆርቆሮውን መልሶ ሰቀለው። በጨለማ ስለሰቀለው ቁጥሩ ወደ ግድግዳ መዞሩን አላየም።

ሌላ ሰው ያለ ቆርቆሮ እንዲያልፍ ፈቅዶ አያውቅም።

ሁለተኛውን ድልድይ ሲሻገር ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከዛፎቹ በላይ ያለ ንጣት ብቻ እንጂ ፀሐይዋ ራሷ አትታይም። ከድልድዩ በኋላ ያሉትን ደረጃዎች ቆጠራቸው። መቶ ሠላሳ አንድ ሆኑ። እንደገና ወርዶ ለመቁጠር አሰበና ጉልበቱ እንቢ አለው። ለሃያ ሁለት ዓመት ለጎብኚዎች አሥራ አንድ ደረጃ ሲያጎድልባቸው ኖሯል፤ አንድም ሰው ተመልሶ አልነገረውም። የተሰነጠቀው ድንጋይ የተሰነጠቀ ሳይሆን ሁለት ድንጋይ ነበር፤ በመሃላቸው ዛፍ በቅሏል። ወደ ግራ መታጠፉ ግን ትክክል ነው፣ በቀኝ በኩል መንገድ ስለሌለ።

ጫካው የጠበቀውን ያህል ጸጥ ያለ አልነበረም። ዝናቡ ካቆመም በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ከቅጠል ወደ ቅጠል ይወርዳል። ግንዶቹ እስከ ቅርንጫፋቸው ድረስ እርጥብ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት አብቅለዋል፤ የት ጋ እንጨት፣ የት ጋ ድንጋይ፣ የት ጋ ባዶ እንደሆነ አይለይም። የሚጨበጥ ነገር ሁሉ ሲጨበጥ ውሃ ያወጣል። አንዴ ጦጣዎች ከላዩ ተሻገሩ፤ ቆሞ ቆጠራቸው። ስምንት ነበሩ። ለማን እንደሚናገረው ስላላወቀ መንገዱን ቀጠለ።

የመጀመሪያው ካምፕ ላይ ማንም አልነበረም። ድንኳን ተጠቅልሎ እንጂ ተዘርግቶ አይቶ አያውቅምና ለመትከል አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት፤ አንዱ ካስማ ጎድሎ በሹካ ተካው። ራት ሲያምረው የብስኩቱን ጣሳ ከፈተ። ብስኩቶቹ የዓሣ፣ የጨረቃና የቤት ቅርጽ ነበራቸው። ዓሣዎቹን በላና ቤቶቹን ለነገ አስቀመጠ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቀርከሃውን ጨርሶ ሁለተኛው ካምፕ ሲደርስ፣ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ከአፋፉ ወርደው ጫማቸውን እሳት ዳር ሲያደርቁ አገኛቸው። ቆርቆሮዎቹ አንገታቸው ላይ ናቸው። ከሁለት ቀን በፊት በመስኮት ፊት ለፊት አነጋግሯቸዋል፤ ወጣቱ እንዲያውም እጁን ጨብጦታል። አሁን ግን ቆቡንና የደንብ ልብሱን አልለበሰም፣ በመስኮት ውስጥም አይደለም። አላወቁትም።

«አባት፣ ብቻዎን ነው የወጡት?» አለችው ሚስቲቱ። «ጎበዝ ነዎት! ይኼ ሰውዬ በየመቶ ሜትሩ ልሞት ነው ሲለኝ ነው የመጣው።»

«የእሷን ቦርሳ ደርቤ ስለያዝኩ ነው፤ እሱን አትናገርም» አለ ባሏ።

«ላይ ማንን አያችሁ?» አለ እሱ፣ ሳያስበው።

ተያዩ። «ማንን እናያለን? ጉም ነው ያየነው» አለች እየሳቀች።

«ቀዩ ጣሪያስ?»

«የምን ጣሪያ?»

ሻይ ሰጡት። በየመሃሉ እርስ በርሳቸው ይበሻሸቃሉ፤ የሚናገሩት ነገር ግማሹ ለእሱ የማይገባ የሁለት ሰው ቀልድ ነው። ረቡዕ ጠዋት «በሰላም ያግባዎት» ብለውት ቁልቁል ሲሄዱ ድምፃቸው ከቀርከሃው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። እሱ ድንኳኑን ነቅሎ ሽቅብ ወጣ።

አፋፉ ጋ ሲደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ቦታው ከእግር ኳስ ሜዳ ሩብ የማይበልጥ ለጥ ያለ ሣር ነው፤ ከአንድ ጎኑ ወዲያ ምንም የለም። ምንም ሲባል ጉም ማለት ነው። ድንኳኑን ከዳር አርቆ ተከለ፤ አሁን ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀበት። ከዚያ ጣሪያውን ለማየት ወደ ዳር ተጠጋ፣ ጠበቀ፣ ምንም አልታየም። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሲመለስ ግራ እግሩ የዛፍ ሽበት በሸፈነው የሥር ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሰውነቱ ወደ አንድ በኩል፣ እግሩ ወደ ሌላ ሄዱ። ድምፁን ሰማው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ደረቅ እንጨት አልነበረም።

በክርኑ እየተሳበ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ጫማውን አወለቀ፤ መልሶ ማጥለቅ እንደማይችል ያወቀው ካወለቀው በኋላ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ያብጥ ጀመር።

ከዚያ እንደ ልማዱ ማስላት ጀመረ። ሰሌዳውን ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዛሬ ወደ ማታ ይደርሳሉ፤ ቆርቆሮዎቹ ይሰቀላሉ። አርባ። እንደ ሰሌዳው ከሆነ ተራራው ላይ ሰው የለም። ልጁ ሥራ ላይ ነው ብላ ታስባለች። ሥራ ላይ ያሉት ልጁ ጋ ነው ብለው ያስባሉ። ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው አያውቁም። ስልኩ ከበሩ ወዲያ ኔትወርክ የለውም፤ ከእሁድ በፊት የሚደውልም የለም፤ እሁድም ስልኩ ካልተነሳ ሥራ በዝቶበት ነው ትላለች። ፈቃዱ የሚያልቀው ከዛሬ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ውሃ ሁለት ሊትር ነበረው፣ ዘጠኝ ብስኩትና ግማሽ ዳቦ።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ባልና ሚስቱ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ እትዬ ጭልፋ ሦስተኛውን ነገር ከጠየቀቻቸው ነው። ካልጠየቀች፣ ዝናብ ስለሆነ እስከ ቅዳሜ ጎብኚ ላይመጣ ይችላል። ቅዳሜ የሚመጣውም ከመጀመሪያው ካምፕ ሊመለስ ይችላል። «እኔ የምጠይቀው ውሃ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ነው» ያለችው አሁን ጆሮው ላይ ቃል በቃል ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የድንኳኑን ዚፕ ከፍቶ አዳመጠ። ንፋሱ ከታች ሲነሳ የሐዲዱ ድምፅ አፋፉ ድረስ እንደሚሰማ ጎብኚዎች ነግረውታል። ሩብ ሰዓት ጠበቀ። ሐዲዱ አልተመታም። ትክክል ነው፤ እሱም ቢሆን አይመታውም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ለመውረድ ሞከረ። የድንኳኑን ምሰሶ ምርኩዝ አድርጎ ተነሳ፣ ምሰሶው ታጠፈ። በቂጡ እየተንሸራተተ የዳገቱ አፍ ድረስ ሄደ፤ አርባ እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ወሰደበት። ቁልቁል አየና ተመለሰ። ከብስኩቶቹ ቤቶቹን ጨረሰ። ጨረቃዎቹ ቀሩ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ጉሙ ሳይታሰብ ተከፈተ። መጀመሪያ የቀርከሃው ጫካ፣ ቀጥሎ ድልድዩ ያለበት ሸለቆ፣ ቀጥሎ በጣም ታች፣ አንዲት ቀይ ነጥብ። የራሱ ጣሪያ ነው። ከአዝራር አይበልጥም። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበትን ነገር በአውራ ጣቱ ጥፍር ሸፈነው፤ መልሶ ገለጠው። ሰው አይታይም፣ ጭስም የለም። እሱ ኖረም አልኖረም ከዚህ ላይ ሲታይ ያው ነው።

ያን ጊዜ ድምፁ መጣ። ሁለት ምት፣ ፋታ፣ ሁለት ምት።

መጀመሪያ ያሰበው ማን ጠፋ ብሎ ነው። ክር ያለቀበትን ምስማር በልቡ ፈለገ፤ የለም። ማታ እንጂ ጠዋት ሐዲድ ተመቶ አያውቅም። ጉሙ ተመልሶ ተዘጋ፤ ድምፁ ግን ቀጠለ። ምቱ የእሱ ዓይነት አልነበረም፤ ይፈጥናል፣ ይሳሳታል፣ ሦስት ይሆናል። የማያውቅ ሰው የሚመታው ነው።

ታች የሆነው ይህ ነው። ረቡዕ ማታ ባልና ሚስቱ ሲደርሱ እትዬ ጭልፋ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ቆርቆሮዎቹን ተቀብላ ሰቀለች። መስኮቱን ልትዘጋ ስትል ትዝ አላትና፣ ለመጠየቅ እያፈረች፣ «ቆይ፣ ላይ ማንን አያችሁ?» አለች።

ሴትየዋ ሳቀች። «እዚህ ሰው ሁሉ ይኼንን ነው እንዴ የሚጠይቀው? ላይ ያሉት አባትም ልክ እንዲህ ነው ያሉን።»

«የትኛው አባት?»

«ብቻቸውን የመጡት። ቢጫ ድንኳን ያላቸው። ደግሞ ስለ አንድ ቀይ ጣሪያ ጠየቁን።»

እትዬ ጭልፋ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ሰኞ ጠዋት ዘጠኝ ቁጥርን ጀርባዋን ሰጥታ አግኝታት፣ ጋሽ አርባም እንዲህ ይዘነጋል ለካ ብላ ገልብጣታለች። ያን ምሽት «ላይ ያለው ጋሽ አርባ ነው» ብላ ለጥበቃዎቹ አለቃ ብትነግረው «እሱ አሁን የልጅ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ራት እየበላ ነው» ብሎ ሳቀባት። ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት የልጁን ስልክ ቁጥር ከመዝገብ አስወጥታ ደወለች።

«አባዬ? ሥራ ላይ አይደለም እንዴ?» አለች ልጁ።

አለቃውን መስኮቱ ጋ እየጎተተች አመጣችው።

«ሰሌዳው ምን ይላል?» አላት።

«ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው የጠፋ ሰው የለም። ሕጉ የእኔ አይደለም፣ የራሱ የጋሽ አርባ ነው። ባዶ ምስማር ሳይኖር በወሬ ሰው ወደዚያ ጭቃ ብልክና አንዱ ቢሰበርብኝ ማን ይጠየቃል?»

እትዬ ጭልፋ ዘጠኝ ቁጥርን ከምስማሩ አውርዳ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ቁጠር» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቁጠር አልኩህ እኮ! ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ክር የለውም። በል አሁን ጫማህን አድርግ።»

መልሱን ሳትጠብቅ መዶሻውን ይዛ ወጣች።

ጎብኚ በአንድ ቀን ተኩል የሚሄደውን መንገድ ጥበቃዎቹ በአምስት ሰዓት ይወጡታል። አራት ነበሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ድንኳኑ አንድ ጎኑ ወድቆ፣ እሱ ውስጡ ተቀምጦ አገኙት። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሽ አርባ፣ ቀለሙ ደረቀ?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ የልጁ የስልክ ንግግር፣ ከቤት ቀለሙ ወሬ ጋር፣ ከእነሱ ቀድሞ መመገቢያ ቤቱን ዞሯል። ሁለተኛው ካምፕ አድረው፣ በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው፣ ዓርብ ቀትር ላይ በሩ ደረሱ።

እትዬ ጭልፋ መስኮቱ ውስጥ ነበረች፤ ቆቡን አድርጋዋለች፣ ይሰፋታል። ቃሬዛውን መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። ቁልቁል አየችው።

«ብስኩቱስ?»

«በላሁት።»

«ነገርኩህ።» እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ዘጠኝ ቁጥርን አወጣች፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ጎንበስ ብላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እሱ ቆርቆሮውን ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ በመስኮቱ በኩል መለሰላት። ተቀብላ ሰቀለችው፤ ቁጥሩ ወደ ፊት መዞሩን አረጋገጠች።

«ውሃ ትፈልጋለህ?»

«እፈልጋለሁ።»

ሰጠችው። እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ላይ ማንን አየህ?»

ባዶውን ኩባያ ይዞ አሰበ። «ማንንም» አለ። ኩባያውን እየመለሰላት፣ «ጣሪያውን አየሁት» አለ።

«እሱ እንኳ እዚሁም ነበር» አለችና ክሮቹን ወደ መሳቢያቸው መለሰች።

የጤና ረዳቱ እግሩን በጀሶ አሰረው፤ ስድስት ሳምንት አለው። ልጁ ቅዳሜ በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ትመጣለች፤ የአራት ዓመቱን ልጅ ይዛ ሁለት ሌሊት ታድራለች። ቤቱ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ስለሆነ፣ ቢጫው ድንኳን ከቤቱ ጀርባ ይተከላል።